ለየትኛው ቀን አጥቢያ? ከዱባይ ጓንዡ ሰዓት ስቆጥር የከፈልኩት

«ከዱባይ ጓንዡ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው በሳምንት አይጠፋም። ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር አንድ ካርጎ ቤት ስለምሠራ ነው። ገሚሱ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ነው፤ ዱባይ ገብቶ፣ እቃ አይቶ፣ ከዚያ ቻይና መዝለቅ የሚፈልግ። ገሚሱ እዚሁ ኢምሬትስ የሚኖር፣ ያጠራቀማትን ይዞ ንግድ መሞከር ያማረው ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውና። በቀጥታ በረራ ሲሄዱ 7 ሰዓት ከምናምን፣ ሲመለሱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ። ርቀቱ በአየር ወደ 5,800 ኪሎ ሜትር ነው። የሰዓት ልዩነቱ 4 ሰዓት፤ ጓንዡ ትቀድማለች። ይህን ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ ጨርሳችኋል፤ መልካም መንገድ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ በቃሌ እያወቅኩ አውሮፕላን አምልጦኛል። ያውም ትራፊክ ይዞኝ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ አይደለም። ሦስት ሰዓት ቀድሜ ደርሻለሁ ብዬ ደስ እያለኝ ነው 21 ሰዓት ያረፈድኩት። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ርቀቱን እናጥራ።

ኢንተርኔት ላይ አንዱ ገጽ 3,600 ይላል፣ ሌላው 3,150፣ ሌላው 5,800። ሦስቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ተራ ማይል ነው። ሁለተኛው አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ነው። ሦስተኛው የኛው ኪሎ ሜትር። አንድ ደንበኛችን 3,600ውን ኪሎ ሜትር አድርጎት «ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,500 አይደል? ትንሽ እኮ ነው የሚበልጠው!» ብሎ ሲከራከረኝ አምሽቷል። ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ምልክት ሳታዩ ከማንም ጋር አትከራከሩ።

እነዚህ ገጾች የበረራውን ሰዓት ሲነግሯችሁም ማንንም ጠይቀው አይደለም። ብዙዎቹ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ያካፍሉታል። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጣል ያደርጉበታል። 7 ሰዓት ከ45 ይወጣል። ለመሄጃም ለመመለሻም ያው ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ግን ሲሄድ ከዚያ ይፈጥናል፣ ሲመለስ ከዚያ ይዘገያል።

ወደ ጉዞው ልግባ። ጊዜው በፈረንጆቹ 2024 ነው፣ ኦክቶበር መጨረሻ። አብረውኝ የሄዱት መርካቶ ጫማና ቦርሳ የሚነግዱ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እትዬ ይበቃል። የእናቴ ጎረቤት ናቸው፣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ። ቻይና ሄደው አያውቁም ነበር። ያሰቡት የካንቶንን የንግድ ትርዒት ለማየት ነው። ካንቶን የጓንዡ የድሮ ስሟ ነው። ትርዒቱ ከ1957 ጀምሮ አለ፤ በዓመት ሁለቴ፣ በጸደይና በመኸር፣ እያንዳንዱ በሦስት ዙር ይካሄዳል። ጫማና ቦርሳ የሚቀርበው በሦስተኛው ዙር ነው። ያን ዓመት ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 4 ነበር። በነዚያ ቀናት የሆቴልም የትኬትም ዋጋ ሰማይ ነው፤ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።

ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የዱባይ ጓንዡውን ለብቻ፣ የእሳቸውን የዱባይ አዲስ አበባውን ደግሞ ለብቻ። በስልክ እየተነጋገርን ነው።

«የኔ ልጅ፣ ለመድኃኔ ዓለም እደርሳለሁ?» አሉኝ።

ጥቅምት 27ን ነው። የሰፈራቸው ደብር ዓመታዊ ንግሥ ነው፤ አንድም ዓመት ቀርተው አያውቁም። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 6 ላይ ይውላል። የመመለሻውን ትኬት አየሁት። «ኖቬምበር 6፣ 00:15» ይላል።

«አይደርሱም እትዬ። የመድኃኔ ዓለም ዕለት ሌሊት ነው ከቻይና የምንነሣው። አዲስ አበባ በ28 ነው የሚገቡት።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ለ27 አጥቢያ ነው ለ28 አጥቢያ?»

«ለ28» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት። እንዲያውም በሆዴ ሳቅሁ። በኮምፒውተር ዘመን አጥቢያ ምንድን ነው ብዬ።

ወደ ንግሡ እንደማይደርሱ ሲያውቁ «ይሁን እንግዲህ» አሉና ዘጉት። እኔም የአዲስ አበባ ትኬታቸውን ለኖቬምበር 7 ጠዋት ቆረጥኩ።

ከዱባይ የተነሣነው ጠዋት ነው። ከዚህ በኋላ ሰዓቱን ትኬት ላይ እንደሚታየው በፈረንጅ ልጻፈው፤ ካልሆነ እኔም እናንተም እንጠፋለን። መነሻ 10:45። መድረሻ 21:55። እትዬ ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «11 ሰዓት? አንቺ ሰባት አላልሽኝም?» አሉኝ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው። መነሻው በዱባይ፣ መድረሻው በጓንዡ። ስለዚህ ሁለቱን ዝም ብሎ መቀናነስ አይሠራም። 21:55 በዱባይ 17:55 ነው። ከ10:45 እስከ 17:55 ስትቆጥሩ 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ታገኛላችሁ።

መመለሻው ደግሞ ይብሳል። ከጓንዡ 00:15፣ ዱባይ 04:45። ላየው ሰው 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። 4ቱን የሰዓት ልዩነት ስትጨምሩበት 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ተሸውዳ ሕፃን ልጇን ይዛ ለ4 ሰዓት የሚሆን ወተትና ዳይፐር ብቻ ይዛ ገብታለች። የቀረውን አስቡት።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ የእጅ ሰዓት ካላወራሁ አይሆንም። እኔ እንደተቀመጥኩ ስልኬን ወደ ጓንዡ ለመቀየር እታገላለሁ። እሳቸው ሰዓታቸውን አልነኩም። በኛ አቆጣጠር የተሞላች አሮጌ የመርፌ ሰዓት ናት። «ቻይና አሁን ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰዓታቸውን አዩና «እ… የኔ በአንድ ነው የምትቀድመው» አሉ። አላመንኳቸውም። ቆይቼ ሳሰላው ልክ ናቸው። ጓንዡ ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። መርፌው ላይ ስታዩት የሚተርፈው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ቻይና ጠዋት 8፡00 ሲል እትዬ እጅ ላይ 9 ይላል፤ አዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት ስለሆነ። ቻይና ማታ 10፡00 ሲል እሳቸው ጋ 11 ነው። ከጠዋትና ከማታው ጋር ካልተምታታችሁ በቀር «ከኔ ሰዓት አንድ ትቀንሻለሽ» ያሉኝ ቀመር ሳምንቱን ሙሉ ሠርቷል። ቻይና ደግሞ ያን ሁሉ አገር ይዛ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነች ጓንዡም ሁኑ ሌላዋ የንግድ ከተማ ኢዉ፣ ቀመሩ አይቀየርም።

ከመቀመጫው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ካርታውን ከፈትኩላቸው። ሕንድን አቋርጠን፣ በባንግላዴሽና በምያንማር አድርገን፣ ዩናን በምትባለው የቻይና ክፍል ነው የገባነው። «ለምን በዚያ በላይ በኩል አይቆርጥም?» አሉ ሂማላያን እያሳዩኝ። አውሮፕላን ተራራውን መዝለል አቅቶት አይደለም። ተሳፋሪው ያለበት ክፍል አየር ቢጎድል አብራሪው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ በፍጥነት መውረድ አለበት፤ ሰው ያለ ጭምብል የሚተነፍሰው እዚያ ነው። እዚያ በኩል ግን መሬቱ ራሱ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ተራራውን ወደ ግራ ትተውት ያልፋሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መንገዱን የሚያስቀይረው ፖለቲካ ነው። በ2019 ፓኪስታን ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ሰማይዋን በብዛት ዘግታ ብዙ አውሮፕላን ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ነበር። ከተማዎቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ሰዓቱ ግን ረዘመ።

ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱም ይታያል። ስንሄድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይል ነበር። ስንመለስ አየሁት፤ 790። አውሮፕላኑ አልደከመም። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ የነፋስ ጅረት አለ። ወደ ቻይና ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል። ስትመለሱ ፊት ለፊት ትገጥሙታላችሁ፤ ቁልቁለት ሮጦ ወርዶ በዚያው አቀበት እንደመመለስ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት የብርድ ወራት ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። በሐምሌና ነሐሴ ወደ ሰሜን ሸሽቶ ይላላል። ለዚህ ነው ያው በረራ በጥርና በሐምሌ የተለያየ ሰዓት የሚጻፍለት። በብርድ ወራት ስትመለሱ ቀጣይ በረራ ካላችሁ ጠባብ ጊዜ አትስጡ።

21:55 አረፍን። ተጉዘን የጨረስን መስሎን ነበር። የጣት አሻራ፣ ቅጽ መሙላት፣ ሰልፍ፣ ሻንጣ። ስንወጣ ወደ ከተማ የሚወስደው ባቡር አምልጦናል። የባይዩን አውሮፕላን ማረፊያ ከመሃል ከተማው በሰሜን 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በቀን ቢሆን 3 ቁጥር የሜትሮ መስመር አለ። እኛ ታክሲ ይዘን 120 ዩዋን ገደማ ከፍለን ሻውቤ ገባን። የአፍሪካና የአረብ ነጋዴ የሚበዛበት ሰፈር ነው። ሆቴሉ ክፍል ስንገባ 00:30 ሆኗል። በዱባይ 20:30 ማለት ነው። ከቤቴ የወጣሁት 7:00 ላይ ነበር። ቁጠሩት፤ 13 ሰዓት ተኩል። የ7 ሰዓቱ በረራ በሩ ላይ ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ሰው «ስንት ሰዓት ነው?» ሲለኝ አሁን መጀመሪያ የምመልሰው «ከየት እስከ የት?» እያልኩ ነው።

እትዬ ደግሞ አልጋው ላይ ተቀምጠው ወሬ ጀመሩ። አዲስ አበባ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነዋ! ማን ይተኛል? ጠዋት ቻይና 8፡00 ሲል ግን ለእሳቸው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይናቸው ቀልቶ ዋሉ። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ እንዲህ ነው፣ ያለ ሰዓታችሁ ተኙ ትባላላችሁ፣ ያለ ሰዓታችሁ ተነሡ። ከቻላችሁ ትልቁን ግዢ ለመጀመሪያው ቀን አታድርጉት። እትዬ ተደራድረው የማይሸነፉ ሴት በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት እንቅልፍ ሲያዳፋቸው 200 ጥንድ ነጠላ ጫማ በተጠየቁት ዋጋ ሊገዙ ሲሉ ነው እጃቸውን የያዝኩት።

የትርዒቱንና የገበያውን ነገር ሌላ ጊዜ። ወደ ኖቬምበር 5 ልለፍ፤ ማክሰኞ ነበር። ማታ ሆቴል ውስጥ ነን። እትዬ ናሙና ጫማዎቹን ከካርቶን እያወጡ በነጠላቸው ይጠቀልላሉ፤ ካርቶን ቦታ ይይዛል ብለው። እኔ በእጅ ሚዛን ሻንጣ እያነሣሁ እመዝናለሁ። 24.3። አንድ ጥንድ ይወጣል። 23.6። ሌላ አንድ ይወጣል። በስኮች ጠመጠምን። «ነገ ማታ ነው አይደል?» አሉኝ። «ነገ ማታ ነው፣ ተረጋግተው ይተኙ» አልኳቸው። መብራት ስናጠፋ 23:30 ገደማ ነበር። አውሮፕላናችን ያን ጊዜ ሰው እያሳፈረ ነበር።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተዝናናን። ወንዙ ዳር ሄድን፤ ጾም ስለሆነ አትክልትና ሩዝ ብቻ የሚሠራ ቤት ፈልገን በላን። ማታ 21:15 ቼክ ኢን ካውንተር ደረስን። ልጅቷ ፓስፖርታችንን ተቀበለች። ጻፈች። ደግማ ጻፈች። ፊቷ ሲቀየር አየሁት። ስልኳ ላይ በቻይንኛ አንድ ነገር ጽፋ በእንግሊዝኛ ተርጉማ አዞረችልኝ። አውሮፕላናችሁ ትናንት ሌሊት ሄዷል ይላል።

«ትኬቱ 6 ነው የሚለው፣ ዛሬ 6 ነው» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል። እሷ ረጋ ብላ በጣቷ 00:15ን ነካችልኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት። 21:15። ያን ጊዜ ገባኝ። የፈረንጅ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 6ኛው ቀን በገባ በ15ኛው ደቂቃ አውሮፕላኑ ተነሥቷል። ለኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ሌሊቱ የመሸበት ቀን ጭራ ነው። ትኬቱ «ኖቬምበር 6» ሲል እኔ በጭንቅላቴ የ6ን ቀን አሳልፌ፣ አምሽቼ፣ ከዚያ ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ ብዬ አነበብኩት። እትዬ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። ለ27 አጥቢያ ነው ለ28? ለ27 አጥቢያ ነበር።

ደግነቱ የዚያኑ ሌሊት በረራ ቦታ ነበረው። ባለመቅረባችን ቅጣትና የዋጋ ልዩነት ተብሎ ለሁለታችን 3,200 ድርሃም ከካርዴ ወጣ። አየር መንገዱን አልወቅስም፤ ትኬቱ ትክክል ነበር። የአዲስ አበባው ትኬት ለ7 ጠዋት ስለሆነ ደግሞ አልተነካም። ለዚህ ነው ስህተቱ ቀድሞ ያልታየኝ። ሁለቱን በአንድ ትኬት ቆርጬ ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ «ዱባይ ላይ 24 ሰዓት ከምናምን መቆያ» ብሎ ያሳየኝ ነበር። ለየብቻ ስቆርጥ የሚያስጠነቅቀኝ ጠፋ።

ለእትዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ገንዘቡን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ምንም አላሉም። ትንሽ ቆዩና «እና ትናንት ሌሊት ብንነሣ ኖሮ ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ ነበርኩ?» አሉ።

ዱባይ ንጋት ላይ ደርሰው፣ ጠዋት በመጀመሪያው በረራ 4 ሰዓት በርረው፣ ረፋዱ ላይ ቦሌ። ደርሰው ነበር።

«አዎ እትዬ።»

ሰዓታቸውን አዩ። 10 ከሩብ አልፏል። «አሁን ታቦቱ ገብቷል» አሉ። ነጠላቸው ሻንጣ ውስጥ ጫማ ስለተጠቀለለበት ጫፉ እንኳ እጃቸው ላይ አልነበረም። እዚያው ካውንተሩ ፊት ቆመው አማተቡ። 3,200ውን ረስቼዋለሁ፤ ይህቺን ግን አልረሳኋትም።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ትኬት ሲልክልኝ ከ00:00 እስከ 05:00 ያለ መነሻ ካየሁ በአማርኛ እጽፍበታለሁ። «ማክሰኞ ማታ ከቤት ውጣ፤ ለረቡዕ አጥቢያ ነው።» ቀኑን በቁጥር ብቻ አልጽፍም፤ የሳምንቱን ቀን አስገባበታለሁ። በዚህ ነገር የኛ ቋንቋ ከትኬቱ ይበልጣል። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስታስገቡም የበረራውን ሰዓት ሳይሆን ከቤት የምትወጡበትን አስገቡ። በረራው 00:15 ከሆነ ከቤት የምትወጡት በፊተኛው ቀን ነው፤ ያን ስታስገቡ ትክክለኛው ቀን ራሱ ይታያችኋል። የሆቴሉንም ሌሊት ቁጥር ይህ ይነካዋል። ከባሕረ ሰላጤው የሚነሡ ብዙ በረራዎች ሌሊት ስለሆኑ እዚህ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ ይህ ወጥመድ አለብን።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። «በዱባይ ብሄድ ምን ያህል ያስዞረኛል?» ትሉኛላችሁ። በኪሎ ሜትር ምንም አይደለም። ከአዲስ አበባ ጓንዡ በቀጥታ 8,000 ከምናምን ነው። በዱባይ ሲሆን 2,500 እና 5,800፤ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዱባይ መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ግን ሁለቴ መነሣት፣ ሁለቴ ማረፍ፣ መሃል ላይ መቀመጥ አለ። ቀጥታው 10 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ በዱባይ እንደ መቆያው እስከ 20 ሊደርስ ይችላል። ዱባይ የምትገዙት ወይም የምታዩት ሰው ከሌለ በቀጥታ ሂዱ።

ርካሽ ትኬት የሚፈልጉ ደግሞ ከዱባይ በኩዋላ ላምፑር የሚዞረውን ያሳዩኛል። ካርታውን እዩት። ወደ ደቡብ 5,500 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ፣ እንደገና ወደ ሰሜን 2,600 ትወጣላችሁ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ እንደመብረር ማለት ነው። በአንድ ትኬት ከሆነና ሻንጣው በቀጥታ የሚያልፍ ከሆነ ለጉልበታም ሰው ክፋት የለውም። ሁለት የተለያየ ትኬት ከሆነ ግን ሻንጣ ለመቀበል ወደ አገሩ መግባት አለባችሁ፤ በኛ ፓስፖርት ደግሞ ቪዛ ይመጣል። ያተረፋችሁት 400 ድርሃም እዚያ ያልቃል።

ከጓንዡ ወደ ኢዉ በአገር ውስጥ በረራ የምትቀጥሉ ፓወር ባንካችሁን አገላብጣችሁ እዩ። ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ 3ሲ (CCC) የሚባለውን የቻይና የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት ያልያዘ ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ አያሳልፉም። ከዴራ የተገዛ ብዙው ይህ ምልክት የለውም። የዱባይ ሲማችሁን በሮሚንግ አስከፍታችሁ ሂዱ፤ ጉግልና ዋትስአፕ በቻይና ዋይፋይ አይከፈቱም። አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ደግሞ መደወል ይፈልጋል።

እትዬ በሚቀጥለው ዓመት ከልጃቸው ጋር ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ትኬቱን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ላኩልኝ። ከላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ለሐሙስ አጥቢያ» ብለው ጽፈውበታል። «አይተሽ ንገሪኝ» ይላል መልእክቱ። ሦስቴ አየሁት። መነሻው ረቡዕ 22:40 ነው።

«እትዬ፣ ይህ እንኳ አጥቢያ አይባልም። ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ከ40 ነው» ብዬ ጻፍኩ።

የድምፅ መልእክት መጣ። እየሳቁ ነው። «እሱንማ አውቃለሁ። አንቺን ልፈትንሽ ብዬ ነው።»